በጣት ያልተዳሰሰች ቁስል፦ ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት የምላስ ካንሰር ጉዳይ

ያን ጥርስ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ የገበያ ቀን። በገበያ ቀን የጥርስ ክፍላችን ወረፋ ከኮሪደሩ አልፎ ደጅ ይወጣል፤ እህል ሊሸጥ የመጣ ሰው በዚያው ጥርሱንም አስነቅሎ መመለስ ይፈልጋል። እማማ ከመንዝ ደጋ፣ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው የመጡት። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እኔም የምጠራቸው «እማማ» እያልኩ ነበር። ዕድሜያቸው 56 ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው «ልጄ፣ ጥርሴ ምላሴን በላው» አሉኝ።

አየሁት። በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ተሰብሮ ጫፉ እንደ ስለት ሆኗል። በትይዩው የምላሳቸው ጠርዝ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁስል አለች፤ ዳሯ ነጣ፣ መሐሏ ቀላ ያለ። ምክንያቱን ፊት ለፊቴ ያገኘሁት መሰለኝ፤ ጥርሱ ይፍቃል፣ ምላሱ ይቆስላል። አደንዝዤ ነቀልኩ። አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ጻፍኩ፣ በጨው ውኃ እንዲጉመጠመጡ ነገርኳቸው። «ካልዳነ በሁለት ሳምንት ይመለሱ» አልኩና ቀጣዩን ሰው ጠራሁ። ቁስሉን በጣቴ አልዳሰስኩትም። ከነሐሴ ጀምሮ እንደነበረ የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ያን ዕለት መቼ እንደጀመራቸው አልጠየቅኩማ።

የአፍ ካንሰር የያዘው ሰው በሕይወት የመቆየቱን ዕድል የሚወስኑት ነገሮች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በሰንጠረዥ ተቀምጠዋል። ተማሪ ሳለሁ ሸምድጃቸዋለሁ። በእማማ ላይ ግን አንድ በአንድ፣ ቀን እየቆጠሩ ሲደርሱ አየኋቸው። ይህን የምጽፈው ቤተሰባቸው ፈቅዶልኝ ነው። የታከሙባቸውን ሆስፒታሎች አልጠራም፤ እኔ የምሠራበትንም ጨምሮ።

ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ

ኅዳርና ታኅሣሥ በመንዝ የገብስ አጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው። እማማ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ እርሻውን የያዘው ወንዱ ልጃቸው ነው፣ እርሳቸው ደግሞ ለአጫጁ ምግብ ያቀርባሉ፣ ሲመሽ ለባና የሚሆን የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። ያን ሰሞን ከቤት የሚወጣ ሰው አልነበረም። ከሥራው በላይ ያስቀራቸው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ጥርሱ ሲነቀል ሕመሙ ቀነሰ። ስለቱ መፋቁን ሲተው ቁስሉ ፋታ አገኘ፤ እርሳቸውም ድኛለሁ ብለው ተቀመጡ። የእኔ መንቀል ሕመሙን አስታግሶ በሽታውን ሸፈነው ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነው።

ቁስሉ አልሄደም። ጎረቤት «ምች ነው» አለ፣ ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባ። ሲብስ አረቄ በአፋቸው ይዘው ይተፉ ጀመር፤ አገራችን ውስጥ ጥርስ ያመመው ሰው የሚያደርገው ነው። ከጥምቀት በኋላ ጻድቃኔ ማርያም ሄደው ሁለት ሱባኤ ሰነበቱ። የሙያ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰሙ «ጠበል ላይ ጊዜ ተቃጠለ» ይላሉ። በእማማ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ አብራቸው የሰነበተች አንዲት ጠበልተኛ ነጠላቸውን ስታስተካክል አንገታቸው ላይ ያለውን እብጠት አግኝታ «እናቴ፣ ይሄማ ሐኪም ይየው» አለቻቸው። ጥቅምት ላይ እኔ ያላደረግኩትን ዳሰሳ ያደረገችው እሷ ናት።

የካቲት 20 ቀን ተመልሰው መጡ። 122 ቀን አልፏል። ንግግራቸው ተኮላትፏል። ግራ ጆሯቸውን ይወጋቸዋል፤ ምላስና ጆሮ በነርቭ ስለሚገናኙ የምላስ ካንሰር ሕመም ብዙ ጊዜ ጆሮ ላይ ይሰማል፣ በዚህ የተነሣ የጆሮ ጠብታ ሲያደርግ የሚከርም ሰው አለ። በጤና ጣቢያ ካርዳቸው ላይ 51 ኪሎ የነበረው ክብደት 43 ሆኗል። ምላስዎን ያውጡ ስላቸው ወደ ግራ ተጣመመ። በጓንት ስዳስሰው የቁስሉ ዳር ጠጥሯል፤ ጥጥሩም ከሚታየው ቁስል አልፎ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከመንጋጋቸው ሥር በግራ በኩል 2 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ፣ የማያም፣ ጠንካራ ንፍፊት አለ።

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ጓንት፣ ጣትና ግማሽ ደቂቃ። ጥርስ የፋቀው ቁስል ምክንያቱ ከተወገደ በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ሳምንት ይሽራል፤ ካልሻረ ናሙና ይወሰዳል። ሕጉ ይኸው ነው፣ አውቀዋለሁም። ታዲያ ለምን አለፈኝ? ሲጋራ ከሚያጨስ ወይም ሱረት ከማይለየው ሽማግሌ አፍ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ያቺ ቁስል ታስደነግጠኝ ነበር። ትምባሆና አልኮል የአፍ ካንሰር ዋነኛ መነሻዎች ናቸው፤ አብረው ሲሆኑ አደጋው ይባዛል። እማማ ግን ትምባሆ በቤታቸው ገብቶ የማያውቅ፣ ጠላ እንኳ ለበዓል የሚቀምሱ ሴት ናቸው። በዓይነ ኅሊናዬ ያለው የካንሰር ታማሚ እርሳቸውን አይመስልም ነበር። የማያጨሱና የማይጠጡ ሰዎችም ምላሳቸው ጠርዝ ላይ ካንሰር ይይዛቸዋል። አጋላጭ ነገር የሌለበት ሰው አንድ ተጨማሪ አደጋ አለበት፤ ሐኪሙ አይጠረጥርለትም።

ጾሙ

ናሙናውን በዚያው ቀን ወስጄ በፎርማሊን አስቀመጥኩት። ናሙና የሚመረመርበት ፓቶሎጂ ክፍል ደርሶ ውጤቱ እስኪመለስ 24 ቀን ፈጀ። ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ፤ ከአፍ ውስጠኛ ሽፋን የሚነሣ ካንሰር። ከአፍ ካንሰሮች ከ10 ዘጠኙ በላይ ይኸው ዓይነት ነው፤ በዓለም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 390 ሺህ የሚጠጋ ሰው የከንፈርና የአፍ ካንሰር ተገኝቶበታል፣ ወደ 188 ሺህ የሚሆን ሞቷል።

ውጤቱን ስንጠብቅ ሌላ ነገር ገጠመን። ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። እማማ መዋጥ ስለሚያማቸው የሚወስዱት ቀጭን የአጃ አጥሚት ብቻ ነው፣ እርሱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። የደም መጠንን የሚያሳየው ሂሞግሎቢናቸው 9.4 ነበር፤ ደም አንሷቸዋል። ከ51 ኪሎ 8 መቀነስ ከ100 ከ15 በላይ ማጣት ማለት ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ከ100 10 ያጣ የካንሰር ታማሚ ቀዶ ሕክምናውንም ጨረሩንም የመቋቋም ኃይሉ ይደክማል፣ ቁስሉ አይገጥምለትም፣ ሕክምናውን አቋርጦ ይወድቃል። ደም ማነስም ለብቻው የጨረርን ጉልበት ይቀንሳል፤ ጨረር ኦክስጅን ባለበት ሥጋ ላይ ነው በደንብ የሚሠራው።

ወተትና እንቁላል ይጀምሩ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። «ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያልፈታሁትን ጾም አሁን ሞት ሲጠራኝ ልፍታ?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሴት ልጃቸውን የነፍስ አባታቸውን ስልክ ጠየቅኳት፣ ደወልኩም። ካህኑ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምግቡ መድኃኒቷ ነው ትላለህ?» ነው አልኳቸው። በማግስቱ እቤታቸው ድረስ ሄደው «ለሕሙም ጾም የለበትም፤ ይሄን ወተት እንደ መድኃኒት ትጠጪያለሽ፣ ጸሎቱን እኔ እጨምርልሻለሁ» ብለው አዘዟቸው። ከዚያ በኋላ በሶ በወተትና በማር፣ የተልባ ውኃ፣ የበግ መረቅ፣ እኔ የሰጠሁት የብረት እንክብል። ሊያሳክሟቸው ወንዱ ልጃቸው ሰባት በግ ሸጧል፤ አንዱን ግን ለእርሳቸው አረደ። በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ 46 ኪሎ ነበሩ፣ ሂሞግሎቢናቸው 11.2 ደርሷል። በዚህ ጉዳይ ውስጥ በትክክለኛው ጊዜ የተደረገ ነገር ቢኖር ይህ ነው፣ ያደረጉትም ካህኑ ናቸው።

እኔም አንድ ነገር በጊዜው አድርጌአለሁ። የተበላሹ አራት ጥርሶቻቸውን ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሜ ነቀልኩ። ጨረር ያረፈበት የመንጋጋ አጥንት ደሙ ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ጥርስ ቢነቀልበት ላይሽርና ሊበሰብስ ይችላል። ስለዚህ ጥርሱ ጨረር ሳይጀመር፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው የሚወጣው። ብዙ ታማሚ ለዚህ ብቻ ከጨረር ደጅ ይመለሳል።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ቀዶ ሕክምናው የተሠራው ግንቦት 14 ነው፤ ውጤቱ በታወቀ በ60ኛው ቀን። የግራ ምላሳቸው ክፍልና በግራ አንገታቸው ያሉ ንፍፊቶች ወጡ። ከፓቶሎጂ የመጣው ወረቀት አንድ ገጽ ነው፤ እኔ ግን እንደ ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እያንዳንዱ መስመር ስለ ዕድሜያቸው የሚናገር ነበር።

የዕጢው ስፋት 3.4 ሴንቲሜትር። ጥልቀቱ 11 ሚሊሜትር። ቀድሞ ደረጃ የሚለካው በስፋት ብቻ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው 8ኛው የካንሰር ደረጃ መመሪያ ግን ጥልቀትን ጨመረበት፤ ምክንያቱም ከላይ ትንሽ ሆኖ ወደ ታች የሰረጸ ዕጢ ከሰፊና ስስ ዕጢ ይልቅ ቶሎ ወደ ንፍፊት ይሻገራል። እስከ 2 ሴንቲሜትር ስፋትና እስከ 5 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ከዕጢ ደረጃዎች ዝቅተኛው፣ ቲ1 ነው። ከ10 ሚሊሜትር ያለፈ ጥልቀት የእማማን ዕጢ ቲ3 አደረገው። ጥቅምት ላይ ያየኋት ቁስል ከአንድ ሴንቲሜትር ተኩል አታልፍም ነበር። በአሜሪካ መዝገብ ካንሰሩ ከተነሣበት ቦታ ሳይወጣ ከተገኘባቸው የአፍ ካንሰር ታማሚዎች ከ100 ከ80 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ይሻገራሉ። ያ ቁጥር የእኛ አገር አይደለም፤ ሕክምናው በየሰፈሩ ያለበት አገር ነው። ይሁንና አቅጣጫውን ያሳያል።

ከ24 ንፍፊቶች በሁለቱ ካንሰር ተገኝቷል። ከሁሉም መስመር ይህ ይከብዳል። በአንገት ንፍፊት መግባት ብቻውን የመዳንን ተስፋ በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ቅርፊቱን ሰብሮ ወደ ዙሪያው ሥጋ ከወጣ ደግሞ ይብሳል፤ የእማማ አልሰበረም፣ እንደ በጎ ዜና ቆጠርነው። እዚህ ላይ የህንድ ሐኪሞች ያስተማሩን ነገር አለ። ሙምባይ በሚገኘው የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል የተሠራና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ንፍፊታቸው ገና በእጅ የማይዳሰስ፣ ጅማሮ ላይ ያሉ የአፍ ካንሰር ታማሚዎችን ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን ምላሱ ሲሠራ አንገቱም አብሮ ተጠረገለት፤ ሌላው ንፍፊቱ እስኪታይ ተጠበቀ። በሦስተኛው ዓመት ከመጀመሪያዎቹ ከ100 80፣ ከኋለኞቹ ከ100 67.5 በሕይወት ነበሩ። ንፍፊት እስኪታይ መጠበቅ ዋጋ አለው ማለት ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ወደ ሐኪም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ንፍፊቱ ከታየ በኋላ ነው።

በነርቭ ዙሪያ ሰርጿል ይላል ወረቀቱ። እና በጥልቀት በኩል ከካንሰሩ እስከ ተቆረጠበት ዳር ያለው ጤነኛ ሥጋ 3 ሚሊሜትር። 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ንጹሕ የሚባለው። ቀዶ ሐኪሙን አልወቅስም፤ ከምላስ ሥር ከዚያ በላይ ቢሄድ መዋጥም መናገርም ያሳጣቸው ነበር። ሁሉም ተደምሮ ያዘዘው አንድ ነገር ነው፦ ጨረር፣ 60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በ30 ቀን ተከፋፍሎ፣ ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በስድስት ሳምንት ውስጥ የሚጀመር።

ስድስቱ ሳምንት

ስድስት ሳምንት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቢላው የተወው የካንሰር ሕዋስ ቁስሉ ሲገጥም አብሮ ይነቃል። ከቀዶ ሕክምናው ዕለት እስከ ጨረሩ መጨረሻ ያለው ጠቅላላ ጊዜ ከ100 ቀን ባያልፍ ይመረጣል። የእማማ ስድስት ሳምንት ሰኔ 26 ቀን ያበቃ ነበር።

ጨረር የሚሰጥባቸው ቦታዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ ለሃያ ዓመት ያህል መላው አገር አንድ ጣሪያ ሥር ነበር የሚታከመው። የተሰጣቸው ቀጠሮ ነሐሴ 8 ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ደብተራቸው ወጪውን ሊያግዝ ቢችልም የሪፈር ወረቀቱ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ በደረጃው መሄድ ነበረበት፤ አንድ ማኅተም ጎድሎ ሴት ልጃቸው ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። ይህን ሁሉ አልፈን ነሐሴ ሲገባ መንገዱ ተዘጋ። ያን ክረምት በዞናችን የሆነውን የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል። ስልክም ስለተቋረጠ ቀጠሮ እንዲራዘምላቸው እንኳ መጠየቅ አልቻልንም። መንገዱ ሲከፈት ልጃቸው እናቷን ከጣርማ በር እስከ ደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ጋቢና ይዛ መጣች። አዲሱ ቀጠሮ መስከረም 14 ቀን 2016 ሆነ።

ከቀዶ ሕክምናው 126 ቀን፤ 18 ሳምንት። በመሐልም የጨረር ማሽኑ ቆሞ ስድስት ቀን ተቋረጠ። ጨረር በተቋረጠ በእያንዳንዱ ቀን ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድል በግምት ከ100 አንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ የጠፋ ቀን በሆነ መንገድ ካልተካካሰ በቀር ጠፍቶ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስረዝምም። አብዛኛው የአፍ ካንሰር የሚያገረሸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስለሆነ በየሁለት ወሩ እኔ ዘንድ እንዲታዩ አደረግን፤ አንድም ቀጠሮ አልቀሩም። ነሐሴ 2016 ላይ በዚያው በግራ በኩል፣ ከምላሳቸው ሥር፣ ጣቴ ጥጥር አገኘ። አንገታቸውም ላይ ተነሥቷል። የአንገት ትልቁን የደም ሥር ስለከበበ ዳግም ቀዶ ሕክምና እንደማይጠቅም ተነገራቸው። መድኃኒት በደም ሥር ሊሞከር ይችላል ተባሉ፣ አመሰገኑና እንቢ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፦ ቁርባን የሚውጡበት ጉሮሮ እንዳይዘጋባቸው። የሚጠጣ ሞርፊን አገኘንላቸው፣ ሆድ እንዳያደርቅባቸው የሚያለሰልስ ተጨመረበት። በገና ቆርበዋል። ጥር 2017 በቤታቸው፣ ባና ለብሰው አረፉ።

ይህን ካየሁ በኋላ በክፍላችን አንድ መዝገብ ከፍቻለሁ። አፉ ውስጥ ቁስል ያየሁበት ሰው ሁሉ፣ ምክንያቱ ፊት ለፊቴ ቢታየኝም፣ ስሙ፣ ቀበሌውና ስልኩ ይጻፋል፤ በ14ኛው ቀን እኔ እደውላለሁ። ስልክ ከሌለው በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል አስፈልገዋለሁ። ጥርስ ነቅዬ «ካልዳነ ይመለሱ» ማለት ትቻለሁ፤ ዳነም አልዳነም የሚመለሱበትን ቀን ቆርጬ እሰጣለሁ፣ የአጨዳ ሰሞን ከሆነ የገበያ ቀን እመርጥላቸዋለሁ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ሴት ልጃቸው የተረፈውን ሞርፊን ልትመልስ መጣች። ቁጭ አድርጌ ስለዚያ ጥቅምት ነገርኳት፤ ቁስሉን እንዳልዳሰስኩት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንዳልጠየቅኩ። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ብትነግራትም እኮ አጨዳ ነበር፤ አትመጣም ነበር» አለችኝ።

አጨዳውና ውቂያው በታኅሣሥ አልቋል። ታኅሣሥ ላይ ናሙና ብወስድ ከየካቲት 20 ሁለት ወር ይቀድም ነበር፣ ምናልባትም ንፍፊቱ ሳይወጣ። ይህንንም ነገርኳት። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስንት ሚሊ እንደቀረ አብረን ለካን፣ መዝገብ ላይ ፈረመች።